ፋኑ ይዞራል፣ ሙቀት የለም፦ የካምፐር ጋዝ ማሞቂያ ችግርና መፍትሄ

ብርዱ ሲገባ ከዴንቨርና ከኦሮራ ወደ ተራራው የሚወጡ ወገኖቻችን የሚያመጡልኝ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። ፒክአፕ ላይ በሚጫነው ካምፐር ውስጥ ያለው የፕሮፔን ማሞቂያ ሲበራ ፋኑ ይዞራል፣ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ሙቀት ግን አይመጣም። ባለቤቱ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ቦርድ፣ ማለትም ማሞቂያውን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያዛል። ቦርዱ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ያለው ከካምፐሩ ባትሪ በሚመጣው 12 ቮልት ላይ ነው።

ጋዝ መኖሩን፣ ሲሊንደሩ መከፈቱን፣ ፊውዙ ደህና መሆኑንና የቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ባትሪ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

መጀመሪያ የት ላይ እንደሚቆም ስሙ

ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ቀድሞ የሚነሳው ፋኑ ነው። ለ15 ሴኮንድ ያህል የማቃጠያውን ክፍል በአየር ያጸዳል። ነፋሱ በቂ ከሆነ ሴይል ስዊች የምትባለውን ትንሽ ማብሪያ ክንፏን ገፍቶ ያገናኛታል። ያኔ ቦርዱ የጋዙን ቫልቭ ይከፍትና ለ7 ሴኮንድ ገደማ ብልጭታ ይሰጣል። ነበልባል ካገኘ ይቀጥላል፤ ካላገኘ ጋዙን ይዘጋል። ብዙዎቹ ቦርዶች ሦስት ጊዜ ሞክረው ራሳቸውን ይቆልፋሉ።

ስለዚህ ጆሮ ስጡት። ፋኑ ብቻ ዞሮ የቫልቩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ፣ ነገሩ ሴይል ስዊቿን አላለፈም ማለት ነው። ብልጭታው «ጠ-ጠ-ጠ» እያለ ካልተቀጣጠለ ወደ ጋዙ ሂዱ። ተቀጣጥሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ፋኑ ይዞራል፣ «ቀጭ» የለም

ሴይል ስዊች የምትገናኘው ፋኑ ከሙሉ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ ያህል ሲደርስ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ፋኑ ይዞራል እንጂ በቂ ነፋስ አይሰጥም። ለጆሮ ደህና ይመስላል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

«ባትሪዬን ለክቼዋለሁ፣ 12.6 ነው» ይሉኛል። ምንም ሳይሠራ የተለካ 12.6 ብዙ አይነግራችሁም። የሚለካው ፋኑ እየዞረ፣ ያውም ማሞቂያው ላይ ባሉት ሁለት ሽቦዎች ላይ ነው። በብዛት የሚገጠሙት ማሞቂያዎች መመሪያ ቢያንስ 10.5 ቮልት ይላል። እኔ ግን ከ11.5 በታች ካየሁ ሌላ ነገር ሳልነካ መጀመሪያ እሱን አስተካክላለሁ። ሌሊት ብርዱ ሲበረታና ባትሪው ሲደክም ይህ ቁጥር የበለጠ ይወርዳልና።

የካምፕ ቦታውን 120 ቮልት መብራት ሰኩበትና ሞክሩት። መብራቱ ሲሰካ ከተነሳና በባትሪ ብቻ ሲሆን እምቢ ካለ ቦርዱ ነጻ ወጥቷል። ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ ፈልጉ። ፋኑ እየዞረ የሙልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የማሞቂያው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ወይም መገጣጠሚያው እየበላባችሁ ነው። በኔጋቲቩም በኩል እንዲሁ ለኩ። ኔጋቲቩን የሚለካ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ዝገቱን ብዙ ጊዜ ያገኘሁት እዚያ ነው።

አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ቦርድ አስለውጦ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ከፍሏል። የኔጋቲቩን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ ከእቃ ማጠቢያው ሥር በፕላየር የተጨመቀች ሰማያዊ ማገናኛ አገኘሁ። ውስጧ አረንጓዴ ሆኗል። በጣቴ ሳብ ሳደርጋት ወጣች። የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪመጣ ሽቦውን ቆርጬ፣ በትክክለኛ መጭመቂያ አዲስ አድርጌ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ መሸፈኛ አለበስኳት። ማሞቂያው ወዲያው ነደደ። ከፋብሪካ ሲወጣ በትክክል ቢጨመቅ ኖሮ ያ ሰው ከልጆቹ ጋር በብርድ አያድርም ነበር። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ሌላው ካምፐሩ እየተነዳ ቻርጅ ይሆናል የሚለው እምነት ነው። ከፒክአፑ በሰባት ፒኑ ሶኬት የሚመጣው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ነው። ባትሪው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። አንድ ቤተሰብ ግማሽ ቀን ነድቶ ደርሶ፣ ማታ ማሞቂያው አልነሳ አላቸው። ሳየው ፍሪጁ በ12 ቮልት ላይ ተደርጓል። በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ፍሪጅ በ12 ቮልት ሲሆን ከ10 አምፔር በላይ ይጠጣል። ትንሹ ማሞቂያ የሚፈልገው 3 አምፔር ገደማ ነው። ፍሪጁ መንገድ ላይ የሚመጣውን ሁሉ በልቶ፣ ከቆሙ በኋላ ደግሞ ባትሪውን ጨረሰው። ስትቆሙ ፍሪጁን ወደ ጋዝ ቀይሩ። ፒክአፑ ጠፍቶ ፍሪጁን በ12 ቮልት አትተዉት!

ቮልቱ ጥሩ ሆኖ አሁንም «ቀጭ» ከሌለ ሴይል ስዊቿን አውጥታችሁ እዩ። የውሻ ፀጉርና አቧራ ክንፏን ይይዛል። አጽዱት፤ ካልሆነ ለውጡት፤ ርካሽ ዕቃ ነው።

ግን በሽቦ አገናኝታችሁ እንዳትዘሏት። ፋኑ ቢሞትም እሳቱ እንዳይነድ የምትጠብቃችሁ እሷ ናት። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ተብሎ የተገናኘ ሽቦ ከዓመት በኋላ እዚያው ተረስቶ አግኝቻለሁ። እሳት ላይ መተኛት ነው።

ብልጭታ አለ፣ እሳት የለም

ምድጃውን ሁሉንም አብሩት። ነበልባሉ ከደከመ ችግሩ ከማሞቂያው በፊት ነው። ሲሊንደሩን በጥድፊያ ከከፈታችሁት የደህንነት ቫልቩ ጋዙን ያፍነዋል፦ ሁሉንም ዝጉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ካልተሻለ የጋዙን ግፊት በግፊት መለኪያ አስለኩ፤ ትክክሉ 11 ኢንች የውሃ ከፍታ ነው። «ጋዙ ቀዝቅዞ ነው» የሚሉኝን አልቀበልም፤ ፕሮፔን እስከ -42 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይተናል። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ውስጥ እርጥበት ገብቶ መቀዝቀዝ ግን ይችላል።

ካምፐሩ ለወራት ቆሞ ከነበረ የጭስ መውጫውንና የበርነሩን (የጋዝ ማቃጠያውን) ቀዳዳ እዩ። ጭቃ ሠሪ ተርቦችና ሸረሪቶች እዚያ ቤት ይሠራሉ። የሽቦ ወንፊት ከመግጠማችሁ በፊት የማሞቂያውን መመሪያ አንብቡ፤ አየር ስለሚያፍን የሚከለክሉ አሉ።

ጋዝ ይፈስሳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሳሙና ውሃ ፈትሹ። በክብሪት ፈጽሞ!

ነድዶ ይጠፋል

ወዲያው ከጠፋ ብልጭታ የሚሰጠው ኤሌክትሮድ ቆሽሿል ወይም ተጣሟል፤ ክፍተቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ደቂቃዎች ነድዶ ከጠፋ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሊሚት ስዊቹ፣ ማለትም ሙቀት ሲበዛ የሚያጠፋው ማብሪያ፣ እየቆረጠው ነው። ካምፐር ጠባብ ስለሆነ ጫማና ሻንጣ የአየር መግቢያው ላይ ይከመራል፤ የሙቅ አየሩ ቱቦም ከሻንጣ ሥር ይጨፈለቃል። አንሱት። ቴርሞስታቱ ከጠፋ በኋላ ፋኑ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቢዞር ግን ጤናማ ነው፤ በዚህ አትደውሉልኝ።

ጭስ ከሸተታችሁ

የጭስ መውጫው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ፣ ወይም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ አጥፉት፣ ውጡ፣ በሩን ክፈቱ። የሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ከተሰነጠቀ አይበየድም፤ ይቀየራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚገድለው በዚሁ ነው። ስለዚህ ለቡና የያዛችሁትን ከሰል ካምፐር ውስጥ አታስገቡ፤ ፍሙ ቢከስልም አታስገቡ። ማሞቂያው እምቢ ሲል በምድጃው መሞቅም አይሆንም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ጀርባ ገልብጡና የማብቂያ ዓመቱን አንብቡ፤ ጊዜው ያለፈበት ጠቋሚ አይጠብቃችሁም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፋኑ ጨርሶ ካልተነሳ የቴርሞስታቱን ሁለት ሽቦዎች ማሞቂያው ጋ እርስ በርስ አገናኙ፤ ከተነሳ ቴርሞስታቱ ነው። እየጮኸ የሚዞር ፋን ሞተሩ እያለቀ ነው። የቫልቩ ጥቅል ሽቦ የሚቃጠል አልፎ አልፎ ነው። ቦርድም ይበላሻል፤ ግን ሴይል ስዊቿ ተገናኝታ፣ ሊሚቱ ደህና ሆኖ፣ ማሞቂያው ላይ 12 ቮልት እያለ ቦርዱ ወደ ቫልቩ ምንም ካልላከ ብቻ እዘዙት።