ሳይቀምሱ የሚሠራ ድግስ፦ የፋሲካን ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ በሰሙነ ሕማማት ማሰናዳት

የእንቁጣጣሽን ወጥ የምትሠራ ሴት በማማሰያው ጫፍ ጥቂት ወጥ አንሥታ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ቀምሳ ጨው ትጨምራለች ወይም ትተዋለች። የፋሲካን ወጥ የምትሠራ ሴት ግን ይህን ማድረግ አትችልም፤ 55 ቀን የተጾመው ዐቢይ ጾም የሚፈታው ቅዳሜ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ሲሆን ወጡ ደግሞ ከዚያ በፊት ደርሶ መቆየት አለበት። በዚህ ላይ ከበዓሉ በፊት ያለው ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት እኩል የሥራ ቀን የለውም። ጸሎተ ሐሙስ ግማሹ ቀን በቤተ ክርስቲያን ያልፋል፤ ስቅለት ቀኑን ሙሉ የስግደት ነው፤ ሥራው ሁሉ ለቅዳሜ ከተተወ ቅዳሜ አይበቃም። ስለዚህ የፋሲካ ዝግጅት በቅድሚያ የሚጠይቀው ከሙያ ይልቅ ሥራውን በየቀኑ መደልደልና ጣዕሙን መቅመስ በሚቻልበት ጊዜ ማስተካከል ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጀመረው ጠላ ነው። ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ደርሶ፣ ተጣርቶ ለመጠጥ እስኪበቃ ድረስ እንደ አየሩ ሙቀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰሙነ ሕማማት ከገባ በኋላ ያሰበበት ሰው ቢተወው ይሻላል። ያልበሰለ ጠላ ለእንግዳ ከማቅረብ ብርዝ በጥብጦ ማቅረብ ይበልጣል።

ቅቤውም ቀደም ብሎ መነጠር አለበት። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ሳይበላሽ ስለሚቆይ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢነጠር ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም የቅዳሜን ግማሽ ድካም ያስቀራል። ለጋው ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በወፍራም ድስት ላይ በዝግታ ይቀልጣል፤ ከዚያም የደረቀ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ የተፈተገ ኮረሪማ፣ ጥቂት አብሽና በጣም ትንሽ እርድ ይጨመርበታል። እርድ ሲበዛ ቀለሙን ያሳምርና ጣዕሙን መራራ ያደርገዋል። ቅቤ ሲነጠር መቅመስ ስለማይቻል መለኪያው ጆሮና ዓይን ነው፦ መጀመሪያ ላይ በውስጡ ያለው ውኃ እየተነነ ስለሆነ ይንጫጫል፣ አረፋም ይደፍቃል፤ ድምፁ ሲቀንስ፣ ከላይ ያለው ቅቤ ጠርቶ የድስቱን ወለል ሲያሳይና አተላው ወደ ቡናማ ማዘንበል ሲጀምር ወዲያው ይወርዳል። ከዚያ አልፎ እሳት ላይ ከቆየ አተላው ያርርና ሽታው በሙሉ ቅቤው ውስጥ ይገባል። ጥቂት ካረፈ በኋላ በንጹሕ ማጥለያ ተጠልሎ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። ጭልፋውና ማጥለያው እስከ በዓሉ ድረስ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ቢቀመጥ የቤቱ ሰው ሁሉ በሰላም ይጾማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዶሮ ወጥ ሥራው ዶሮው ላይ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እውነቱ ግን ከሥራው አብዛኛው ያለው ቁሌቱ ላይ ነው፤ ቁሌቱ ደግሞ ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም ምግብ ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ብቻ ስለሆነ የጾም ሰዓቱ ካለፈ በኋላ በእንጀራ ተጠቅልሎ ሊቀመስ ይችላል። ረቡዕ ማታ ወይም ሐሙስ ማታ ቁሌቱን ጨርሶ መቅመስና ጨዉን እዚያው ማስተካከል የቅዳሜን ጭንቀት ከሥሩ ይነቅለዋል። «ሳልቀምሰው እጄ ያውቀዋል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አይዋሹም፤ ነገር ግን እጅ የሚያውቀው የለመደውን በርበሬ ነው። ዘንድሮ የተፈጨው በርበሬ ጨውና ቅመሙ ከአምናው ይለያል፤ ብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አብሮት ይፈጫል፤ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል ጨው እንዳለበት ቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ለአንድ መካከለኛ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ ከ200 እስከ 250 ግራም በርበሬ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ይበቃል። ሽንኩርቱ በጣም ደቅቆ መከተፍ አለበት፤ በማሽን የሚፈጭ ከሆነ ውኃውን ስለሚለቅ ለማድረቅ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል እንጂ ጥፋት የለውም። ዘይት ሳይገባ ለብቻው በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ይቁላላል። ውኃውን ጨርሶ የድስቱን ግርጌ መያዝ ሲጀምርና ቀለሙ ሲጠቁር፣ ይኸውም አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ በኋላ፣ ዘይቱ ይጨመራል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳ ወጡ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው የሚሄድ ቀጭን ወጥ ይሆንበታል። በርበሬው ከገባ በኋላ እሳቱ ይቀንሳል፤ የያዘ በመሰለ ቁጥር ሙቅ ውኃ በጭልፋ ጠብ እየተደረገበት ቢያንስ ሌላ 45 ደቂቃ ይማሰላል። ጥሬ የበርበሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ በዳር በዳሩ ወደ ላይ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገባሉ፤ ለተጨማሪ 15 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው።

ጨዉ የሚገባው አሁን ነው። በአንድ ዝርግ የሾርባ ማንኪያ መጀመር፣ ከዚያ መቅመስ፣ ከዚያ በሻይ ማንኪያ እየጨመሩ መሄድ ይሻላል። ቁሌቱ ለብቻው ሲቀመስ ለእንጀራ ከሚመቸው ጥቂት ጠንከር ያለ ጨው ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ገና ዶሮው፣ ቅቤውና ጥቂት ውኃ ይገቡበታል። ሆኖም ዶሮው ራሱ በጨው ስለሚታጠብ «ጠንከር ያለ» ማለት የሚያንገፈግፍ ማለት አይደለም። ቃጠሎውም የሚታወቀው በዚሁ ሰዓት ነው፤ በርበሬው ከባድ ከሆነ ሽንኩርት ለብቻው አቁላልቶ መጨመር የሚቻለው ዛሬ እንጂ ቅዳሜ ማታ አይደለም። የቀዘቀዘው ቁሌት ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ጠዋትና ማታ በሚገባ እየተንተከተከ ይቆያል።

ሐሙስ ጉልባን የሚቀቅል ቤት ባቄላውንና ስንዴውን ረቡዕ መዘፍዘፍ እንዳይረሳ። የእንጀራው ሊጥም ረቡዕ ቢቦካ ቅዳሜ ማለዳ አብሲት ተጥሎለት ለመጋገር ይደርሳል። ለዓርብ የተያዘ የኩሽና ዕቅድ ግን ሁሉ ይፈርሳል፤ ቀኑን ሲሰግድ የዋለ ሰው ጉልበትም ወገብም አይኖረውም፤ አክፍሎት የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እስከ እሑድ እህል አይቀምስም። ዓርብን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ሥራው በዳቦው ይጀምራል። ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ሁለት ዝርግ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል ተቀላቅሎ ለብ ባለ ውኃ ይቦካል። ውኃው እንደ ዱቄቱ ቢለያይም ከአንድ ሊትር ጥቂት ማለፉ አይቀርም። የድፎ ሊጥ ከሌላው ዳቦ ሊጥ ለስለስ ያለ ሆኖ እጅ ላይ በትንሹ መጣበቅ አለበት፤ የጠነከረ ሊጥ በበዓሉ ማግስት የሚደርቅ ዳቦ ይወጣዋል። ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ሲጠበቅ ኮባው ይዘጋጃል፦ ቅጠሉ ታጥቦ፣ የመካከሉ አጥንት በቢላ ተስተካክሎ፣ እንዳይቀደድ በእሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። ሊጡ ኮባ በተነጠፈበት ድስት ወይም መጋገሪያ ተገልብጦ እንደገና ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይና በላዩም ኮባ ይሸፈናል። በምጣድ ለሚጋግር ከላይም ከታችም ተመጣጣኝ እሳት ያስፈልጋል፤ በኦቭን ከሆነ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መብሰሉ የሚታወቀው ግርጌው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ሲሰጥና መሐሉ ላይ የገባ ቀጭን እንጨት ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ነው። ከወጣ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያርፋል። ይህ ዳቦ ቅቤም ወተትም ስለሌለበት የጾም ነው፤ ቢሆንም ተባርኮ ሳይቆረስ ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ የጨዉን ልክ እንዲሁ በማንኪያ ማመን ነው።

ስለ መብራት አንድ ነገር ላንሣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል፤ ኦቭኑ አብሮ ሲበራ ቆጣሪው መጣሉ አይገርምም፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ደግሞ ኃይሉ ይዳከምና እንጀራው ዓይን አያወጣም። እንጀራውን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጀምሮ መጨረስ፣ ኦቭኑን ከዚያ በኋላ ማብራት ይበጃል። ከሰልም ለክፉ ቀን ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት፤ ነገር ግን ዝናብ መጣ ተብሎ የተያያዘ ከሰል በር ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት ሰው ይገድላል፤ ጢስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። በርና መስኮት ካልተከፈተ ከሰል ውጭ ይቀመጥ።

ከሰዓት በኋላ ዶሮው ይታረዳል። በሙቅ ውኃ ተነጭቶ፣ ቀሪው ላባ በእሳት ተለብልቦ፣ ቆዳው ተገፎ በ12 ብልት ይበለታል። እያንዳንዱ ብልት በጨውና በሎሚ እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ጥቂት ተዘፍዝፎ በሚገባ ይንጠፈጠፋል። ውኃ ያዘለ ሥጋ ወጥ ውስጥ ከገባ ረቡዕ የተለፋበትን ቁሌት ያቀጥነዋል። ጥሬው ዶሮ የነካው ቢላና መክተፊያ ሌላ ነገር ሳይነካ በሳሙና ይታጠብ፤ የበዓል ሰሞን የሆድ ሕመም ሁሉ ቅቤ ስለበዛ ብቻ አይመጣም።

ቁሌቱ በዝግታ ይሞቅና ሩብ ኪሎ ያህል የተነጠረ ቅቤ ይገባበታል። ቅቤው ከቁሌቱ ጋር ሲዋሐድ መጀመሪያ ታፋውና እግሩ፣ ቀጥሎ ክንፉ፣ በመጨረሻ ፈረሰኛውና ሌላው ለስላሳ ሥጋ ይጨመራል። የሀበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል፤ የፈረንጁ ግን 40 ደቂቃ ሲሞላው ካልታየ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ወጡን ጨርሶ፣ ድስቱን ከድኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቻላል። እንቁላሉ ተቀቅሎና ተልጦ ለብቻው ይቆይ፤ መከለሻውም፣ ማለትም በመጨረሻ የሚነሰነሰው ኮረሪማ ያለበት ቅመም፣ እንዲሁ። ወጡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ሲንተከተክ ሁለቱ ያኔ ቢገቡ እንቁላሉ እንደ ጎማ አይጠነክርም፣ የኮረሪማውም ሽታ ተኖ አይጠፋም። ጾሙ ስለተፈታ ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የምትቀምሰውም በዚህ ሰዓት ነው፤ ቁሌቱ ላይ የተስተካከለ ጨው ቢጎድል እንኳ የሚጎድለው ቁንጥር ነው፤ በጥቂት ትኩስ መረቅ ሟሙቶ ይጨመርበታል።

በውጭ አገር የሚኖር ሰው ለእሑድ የሚደርስ የዕረፍት ቀን ላያገኝ ስለሚችል ቁሌቱን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ሠርቶ፣ ቀምሶ ፍሪዘር ውስጥ አበርዶ ማቆየት ይችላል፤ ጣዕሙ አይቀንስም። እዚያ የሚሸጠው ትልልቅ ነጭና ጣፋጭ ሽንኩርት ወጡን ስኳር ያስመስለዋል፤ ትናንሹን ቀይ መምረጥ ነው። በኮባ ፈንታ በእስያውያን መደብሮች የሚገኘው የሙዝ ቅጠል ያገለግላል። የበረደው ዶሮ ደግሞ ዓርብ ከፍሪዘሩ ወጥቶ ወደ ማቀዝቀዣው ካልወረደ ቅዳሜ ከሰዓትም ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

ለሁለት ወር ያህል ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ በሌሊት ሙሉ ወጥ አይቀበልም። ቀደምቶቹ ተልባ ያስቀድሙ ነበር፤ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በውኃ ተበጥብጦ ማር ሲገባበት ሆድን ያለሰልሳል። ከዚያ በትንሽ እንጀራ ጥቂት ወጥ ቀምሶ መተኛትና ዋናውን ገበታ ለጠዋት ማቆየት ይመረጣል። የተረፈው ወጥ በማይነካካ ንጹሕ ጭልፋ እየተጨለፈ፣ ቀሪው በቀን አንድ ጊዜ እስኪፈላ እየተሞቀና ማቀዝቀዣ ውስጥ እያደረ ለቀጣዮቹ ሦስትና አራት ቀናት ይበላል፤ እንቁላሉ ግን በመጀመሪያው ቀን ቢያልቅ ይሻላል።