ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት እንዴት ይሰላል?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ጎረቤት ሰው ሲሸኝ ትኬቱን ይዞ ይመጣና «ስንት ሰዓት ይፈጃል? መቼ እንውጣ?» ይለኛል። የማሰላው እንዲህ ነው።

ርቀቱ ቀላል ነው። ሉል ካላችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥራችሁ ለኩ። የግድግዳ ካርታ ግን ተዉት፤ ክቧን ምድር ስለሚዘረጋት ያሳስታል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልክ ላይም በአንድ ደቂቃ ይገኛል።

ርቀቱን ለ900 አካፍሉ። ትልቅ ጄት በሰዓት የሚጓዘው ወደዚያ ገደማ ነው። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል።

ትኬቱ ላይ ግን ከዚህ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከፊት ይገፋዋል። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላው ነው፤ ያጥራል።

ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ ዋሽንግተን 08:00 ይገባል እንበል። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በበጋቸው ከሆነ 08:00 ላይ 7 ስትደምሩ 15:00፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የተነሳው ከምሽቱ 4፡30 ስለሆነ ጉዞው 16 ሰዓት ከ30 ነው።

ከሁሉ በላይ 00 ብሎ የሚጀምር ሰዓት ስታዩ ቆም በሉ። የእህቴ ትኬት «ማክሰኞ 00:15» ይል ነበር። እኛ ማክሰኞ ማታ ብለን ያዝነው። ማክሰኞ ቡና ተፈላ፣ ዘመድ መረቀ። እናቴ በፌስታል ሦስቴ የጠቀለለችውን በርበሬ ጭኗ ላይ አቅፋ መኪና ገባች። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ከ20 ሰዓት በላይ ሆኖታል። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ያ በረራ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡15 ነበር።

አሁን ከበረራው ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3፡15 ቦሌ። ከቱሉ ዲምቱ አንድ ሰዓት ከሩብ እይዛለሁ፤ ዝናብ ካለ ሁለት። መኪናውንም በቀን እናገራለሁ፤ ሲመሽ ከዳር ሰፈር ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው። ከዚያ በትልቁ «ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ከቤት» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ እለጥፋለሁ።