ለእንጨት ሥራ ቤት የሰጋቱራ ሳይክሎን እንዴት ይሠራል?

ሳይክሎን አየርን በማሽከርከር ሰጋቱራውን ከአየሩ የሚለይ፣ ታቹ ሾጣጣ የሆነ የላሜራ ዕቃ ነው። አየሩ ግድግዳውን ታክኮ በጎን ይገባና እየተሽከረከረ ይወርዳል። ሰጋቱራው ወደ ግድግዳው ይወረወርና በሾጣጣው ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አየሩ ከታች ዞሮ በመሃል ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ አብዛኛው ሥራ ሁለቱ ሽክርክሪቶች እንዳይደባለቁ መጠበቅ ነው።

1. ልኬቱን አውጣ። የሳይክሎን ተመራማሪው ስቴርማንድ በ1951 ያወጣው ምጥጥን ዛሬም ይሠራል። የአካሉ ስፋት 60 ሳ.ሜ ከሆነ መግቢያው ቁመቱ 30 ወርዱ 12፣ የመውጫ ቧንቧው ስፋት 30፣ የሲሊንደሩ ቁመት 90፣ የሾጣጣው ቁመት 150፣ የታችኛው ቀዳዳ ስፋት 22.5 ሳ.ሜ ይሆናል። በመግቢያው አየሩ በሰከንድ 15 ሜትር ሲሄድ በሰዓት ወደ 1,940 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ፋኑን በዚህ ምረጥ።

2. ላሜራውን ቆርጠህ በየድ። መውጫ ቧንቧውን 30 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ አስገባው። ከመግቢያው የታችኛው ጠርዝ ካጠረ አየሩ ሳይዞር ከነአቧራው በአቋራጭ ይወጣል። የውስጡን ብየዳ በግራይንደር አለስልስ፤ ጉብታ ካለ ግድግዳውን ይዞ የሚወርደው አቧራ ተነጥሮ መሃል ይገባል።

3. ታቹን አጥብቀህ ዝጋ። ብዙ ሳይክሎን የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋኑ ከሳይክሎኑ በኋላ ሲሆን የመሃሉ ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ ይህም እስከ በርሜሉ ይደርሳል። ክዳኑ ትንሽ ክፍተት ካለው የውጭ አየር ሽቅብ እየተሳበ የወደቀውን አቧራ መልሶ ያነሳል። ወደ ውጭ የሚበን አቧራ ስለሌለ ዓይን አያየውም። ፋኑን አስነሳና የሶፍት ብጣሽ በክዳኑ ዙሪያ ቀስ እያልክ አዙር፤ ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ላይ የጎማ ማሸጊያ ጨምር። በርሜሉንም ሦስት አራተኛ ሳይሞላ ገልብጥ፤ ክምሩ ሾጣጣው ጋ ከደረሰ ሽክርክሪቱ ይጠርገዋል።

4. አቧራ ካመለጠ ፋኑን ለማፍጠን አትቸኩል። የመግቢያው አየር ፍጥነት በሰከንድ ከ15 ወደ 20 ሜትር ቢጨምር የግፊት ብክነቱ በ1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቅንጣቱ ከግድግዳው ነጥሮ ይመለሳል። ከዘገየም ሰጋቱራው ቧንቧው ውስጥ ይተኛል።

ከ5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) በታች ያለው የብርጭቆ ወረቀት አቧራ ግን በአብዛኛው ያልፋል። ለሳንባ ክፉው እሱ ነውና ከኋላ የጨርቅ ማጣሪያ የግድ ነው። የእንጨት አቧራ በብልጭታ ስለሚፈነዳ አካሉንም ቧንቧውንም ፋኑንም ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኝ።