ለአይሱዙና ለሲኖ መንገድ ላይ ጥገና የሚሆን የእጅ መሳሪያ እንዴት ይመረጣል

የጅቡቲ መስመር የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሰመራ አድርጎ የድንበሯን ጋላፊን አልፎ ወደቡ እስኪደርስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዋሽ በኋላ ደግሞ መካኒክ በፈለጋችሁበት ቦታ አታገኙም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ጎማ ይፈነዳል፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ይበጠሳል፣ የአየር ቱቦ መተንፈስ ይጀምራል። ትክክለኛው ቁልፍ ካቢና ውስጥ ካለ እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ስራ ናቸው፣ ከሌለ ግን በረሃ ላይ ማደር ነው። እኔ በረዳትነትም በሹፌርነትም ሰርቻለሁ፣ በመሳሪያም ብዙ ብር አቃጥያለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር እንዴት እንደምገዛ በተራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ መኪናውን ለኩ፣ ገበያ በኋላ

ብዙ ሰው ሱማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ) ሄዶ "የጭነት መኪና መፍቻ ስጠኝ" ይላል፣ ሻጩም 108 ፍሬ ያለበት ፕላስቲክ ሳጥን ያወጣለታል። እኔም የገዛሁት እሱን ነበር። ከ108ቱ ውስጥ መኪናዬ ላይ የሰራልኝ አስራ አምስት ቢሆን ነው፣ የቀረው ለቤት መኪና የሚሆን ትንንሽ ነገር ነው፣ የጎማ ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ፍሬ) የሚፈታ ግን አንድም የለበትም።

ልኩ ከመኪና መኪና ይለያያል። አይሱዙ የጃፓን ልክ ስለሆነ አብዛኛው ብሎን 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ሲኖ (የቻይናው ሲኖትራክ) ላይ ግን 13 ይበዛል፣ 16 እና 18ም አለ፣ ቴክኖሎጂው ከኦስትሪያው ሽታየር ስለመጣ ልኩም የአውሮፓ ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊ የሆነው ያው አንድ አይነት ብሎን ጭንቅላቱ አይሱዙ ላይ 12 ነው፣ ሲኖ ላይ 13 ነው። 12ቱን በ13 ቁልፍ ልፍታ ካላችሁ ማዕዘኑ ይሟልጥና ከዛ በኋላ በመሮ ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ከሰዓት መድባችሁ መኪናው ስር ግቡና ቺንጋ የሚያላላውን፣ የባትሪውን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ የአየር ቱቦ ማያያዣዎቹን፣ የጎማውን ዳዶ ልክ ወረቀት ላይ ጻፉ። ካሊፐር (የብሎን ስፋት መለኪያ) ከሌላችሁ ከምታውቁት ጋራዥ ቁልፍ ተዋሱና እየሞከራችሁ ጻፉ። ከዛ ያረጀ የጎማ ዳዶ አንድ ፍሬ ለምናችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ገበያ ውጡ፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

2. ከብራችሁ ትልቁን ለጎማ መፍቻው አውጡ

እዚህ ጋ ትንሽ ቆይታ እናድርግ፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ ከሚያስቆመን ነገር ጎማ አንደኛ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚቆጥበው እዚሁ ላይ ነው።

የሲኖ ጎማ 10 ብሎን አለው፣ ዳዶው ብዙ ጊዜ 32 ወይም 33 ነው። አንድ ሚሊ ምን ያመጣል አትበሉ፣ 33 ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚሰካው ቱቦ መሳይ መፍቻ) 32 ዳዶ ላይ ገብቶ ሲጨነቅ ማዕዘኑን ይበላዋል። በኪሳችሁ የያዛችሁትን አሮጌ ዳዶ የምታወጡት ለዚህ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ቡሶላው ላይ አስገቡትና በጣት ወዲያ ወዲህ በሉት፣ ከተወዛወዘ አትግዙት። የድሮው አይነት ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት) ያላቸው አይሱዙዎች ደግሞ የኋላው ድርብ ጎማ ላይ ሁለት አይነት ዳዶ ነው ያላቸው፣ የውጪውን ጎማ የሚይዘው 41፣ የውስጡን ጎማ የሚይዘው ደግሞ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ 21። ሁለቱም ያስፈልጋችኋል፣ 41ዱን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው የውስጠኛው ጎማ ሲተነፍስ ቆሞ ማየት ነው።

የሚያብረቀርቀውን ቀጭን ቡሶላ ተዉት። ጥቁሩን፣ ግድግዳው ወፈር ያለውን፣ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን የሆነውን ግዙ። ባለ አስራ ሁለት ጥርሱ ዳዶውን ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚይዘው ትንሽ የተበላ ዳዶ ላይ ወዲያው ይንሸራተታል። የዘንጉ መግቢያ ደግሞ ከሶስት አራተኛ (3/4) ኢንች አይነስ፣ ግማሽ ኢንቹ ለሞተር አካባቢ ነው፣ ጎማ ላይ ይጠማዘዛል።

አሁን እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሲኖ ላይ ቆይቼ ነው ወደ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር የተዛወርኩት፣ ሲኖ ላይ ደግሞ ሁሉም ዳዶ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚፈታው፣ ሌላ አላውቅም። ከገዋኔ አለፍ ብሎ በሹፌሩ በኩል የኋላ ጎማ ፈነዳብኝ። መፍቻውን አስገብቼ ሁለት ሜትር የሚሆን የውሃ ቱቦ ሰክቼበት ወደ ግራ ብጫነው ብጫነው እምቢ አለ፣ ዝጎ ነው ብዬ ቱቦው ላይ ወጥቼ ቆምኩበት። ቋ ሲል ላላ ብዬ ደስ አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ዳዶው ከነብሎኑ ጫፍ ተቆርጦ ቡሶላው ውስጥ ቀርቷል። ያም አላስተማረኝ፣ ሁለተኛውንም እንደዛው ቆረጥኩት። ሶስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ትልቅ ሰው፣ የቦቴ ሹፌር፣ አጠገቤ አቆሙ። ምንም ሳይሉ ወርደው የብሎኑን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና "ልጄ፣ ይቺን ፊደል አይተሃታል?" አሉኝ። ከጭቃውና ከግራሱ ስር ኤል የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጻለች። ጋሼ መፍቻውን ተቀብለው ወደ ቀኝ አዞሩት፣ በአንድ ሰው ጉልበት ላላ። እኔ ግን በተረፉት ብሎኖች ጭነት ይዤ መሄድ አልደፈርኩም፣ ብሎን ከአዋሽ እስኪላክልኝ አንድ ቀን ተኩል እዛው ቆምኩ።

እንደዚህ አይነት ቸርኬ ባላቸው የጃፓን መኪናዎች በግራ ጎን ያሉት ብሎኖች ጥርሳቸው ግራ ነው፣ የቀኙ ጎን እንደ ተለመደው ነው። ኤል የምትለው ለግራ፣ አር የምትለው ለቀኝ። ፊደሉ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ በዚህ አስታውሱት፣ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ በሚዞርበት አቅጣጫ ዳዶው ይፈታል፣ ወደ ፊት ሲሄድ በሚዞርበት ይጠብቃል፣ በሁለቱም ጎን ይሰራል። ሲኖ ላይ ግን ይሄንን እርሱት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው።

ስለ ቱቦውም ልጨምር። የሲኖ አይነት የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው ወደ 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ በኛ ቋንቋ 60 ኪሎ ሰው አንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ሲቆም ማለት ነው። ሁለት ሜትር ቱቦ ላይ ሲቆም እጥፍ ሆነ፣ ብሎኑ ይለጠጣል፣ ዛሬ ባይቆረጥ ነገ ጭነት ላይ ይቆረጣል። ለመፍታት እንደ ቡና መፍጫ በእጅ የሚዞረውን፣ ውስጡ ጊር ያለውን መፍቻ ብትገዙ ብራችሁ አይባክንም፣ ረዳቱም ወገቡን አይጎዳም። ለማጥበቅ ግን አልወደውም፣ ምን ያህል እንደጠበቀ እጅ ላይ ስለማይታወቅ። መጨረሻውን በዘንግ ጨርሱት፣ ዳዶዎቹንም ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ አጥብቁ እንጂ በተራ እንዳትዞሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ ቆማችሁ እንደገና ሞክሩት፣ ትንሽ ሊላላ ይችላል።

3. ክሪክና ታኮ

ለሲኖ ባለ 20 ቶን፣ ለኤፍ ኤስ አር ባለ 10 ቶን የዘይት ክሪክ። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ ዘይት የሚያልብ ከሆነ እዩ። ወፍራም ጣውላም ያዙ፣ አሸዋና በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ክሪክ ይውጣል። ታኮ (ጎማ ስር የሚደረግ ማገጃ) ሁለት፣ የእንጨት ይሁን የብረት ግድ የለም፣ ድንጋይ ግን ይንሸራተታል። ዳዶውን ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው ላላ የሚያደርጉት፣ ከዛ ነው ክሪክ የሚነሳው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም ሰው እንዳይገባ፣ ቢያንስ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ስሩ አጋድሙ።

4. ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ

ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁትን ልክ ብቻ በፍሬ ግዙ። አንድ ጫፉ ክፍት ሌላው ቀለበት የሆነው አይነት ይበቃል፣ የጠበቀውን በቀለበቱ ታላላላችሁ፣ በክፍቱ ታፈጥናላችሁ። 17 እና 19 ሁለት ሁለት ይኑራችሁ፣ ብሎንና ዳዶ ባንድ ላይ ሲዞር አንዱ መያዝ አለበት። ክሮም ቫናዲየም (የጠንካራ ብረት አይነት) የሚል ጽሁፍ ላይ ብቻ አትመኑ፣ ማንም ይጽፈዋል፣ ክፍቱ አፍ ላይ ዳዶ አስገብታችሁ ሞክሩ። ምናለሽ ተራ (መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ) የሚሸጡት ያገለገሉ የጀርመንና የጃፓን ቁልፎች ከብዙ አዲስ ቁልፍ ይሻላሉ፣ አፋቸው ያልተከፈተውን መርጣችሁ።

እንግሊዝ ቁልፍ አንድ ይኑር፣ ግን ለመጠባበቂያ ነው እንጂ የጠበቀ ነገር አትፍቱበት። ፒንሳ፣ ፓፓጋሎ (አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ፒንሳ)፣ ሁለት ሁለት ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ የሽቦ ብሩሽ። የናፍጣ ማጣሪያ ማውጫ ቀበቶም አትርሱ፣ ካቻቪቴ ወግተው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ ማጣሪያው ተቀዶ ክሩ ብቻ ሲቀር ጣጣው ይብሳል።

5. ለኤሌክትሪክ

መኪናው 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዞ። የቤት መኪና ባለ 12 መሞከሪያ መብራት ወዲያው ይቃጠላል። ትንሽ ዲጂታል ቴስተር ግዙ፣ ሞተር ጠፍቶ ባትሪዎቹ አንድ ላይ ከ25 ትንሽ ከፍ ማለት አለባቸው፣ ሞተር ተነስቶ ደግሞ 27 እና 28 አካባቢ። ካልጨመረ ዲናሞው ወይ ቺንጋው ነው፣ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። ባትሪዎቹንም ለየብቻ ለኩ፣ አንዱ ደክሞ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ፊውዝ፣ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር)፣ በግንባር የሚታሰር መብራትም ያዙ።

እዚሁ ላይ የአየር ቱቦ ፋሼታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) እና የሳሙና ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ጨምሩ፣ አየር የሚያፈስበትን በአረፋ ታገኙታላችሁ።

6. እጅ የማይነካው

የኋላ ፍሬን ላይ ያለውን ባለ ስፕሪንግ የአየር ጣሳ መንገድ ላይ አትክፈቱት። ውስጡ የታመቀው ስፕሪንግ ሰው ይገድላል። መሪ ላይም እንደዛው፣ ተጎትቶ ጋራዥ ይሂድ።

7. አያያዝ

ፕላስቲክ ሳጥኑን ጣሉት፣ ሙቀትና ንዝረት ይሰነጥቀዋል። ሸራ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ለየቁልፉ ኪስ ያለው ጥቅል አሰፉ፣ ሲዘረጋ የጎደለው ኪስ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ እኔ ሁለት 14 ቁልፍ ሞተር ላይ ረስቼ ሄጃለሁ ከዛ ወዲህ ነው ያሰፋሁት። ከኋላ ሶስት ማዕዘን ምልክት ይኑራችሁ፣ ድንጋይና ቅጠል ካስቀመጣችሁም ስትነሱ አንሱት፣ ማታ የሚመጣ ሌላ ሹፌር ላዩ ላይ ነው የሚወጣው።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ግቢ ውስጥ በራሳችሁ መሳሪያ ብቻ አንድ የኋላ ጎማ ከነውስጠኛው አውጥታችሁ መልሱት፣ ከጎረቤት ምንም ሳትዋሱ። የጎደለው ነገር እዛው ይታወቃል፣ ገበያው ሳይዘጋ ሄዳችሁ ትገዛላችሁ።