የእህትን ልጅ በጉዲፈቻ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እህት ወልዳ ማሳደግ ሲከብዳት ሕፃኑን ወስዶ ማሳደግ በኛ አገር የቆየ ነው። የጡት ልጅ የሌለበት ዘር ማንዘር ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የሚደረገው ብዙ ነገር ከዓመታት በኋላ እጥፍ ያስከፍላል። ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የተከተለ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ እዚያ ያላችሁ የክልላችሁን ጠይቁ።

«ዘመድ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ። ደስ ይላል። ግን ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት በሕግ ፊት ውጤት የለውም። ዛሬ ማንም አይጠይቃችሁም። ፓስፖርት ሲወጣ ወይም ውርስ ሲከፈል ግን ጥያቄው ይመጣል። ያኔ ጠበቃ የምትይዙት ለክርክር ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

ልጁን «እኔ ነኝ የወለድኩት» ብሎ ማስመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «ፍርድ ቤት ምናምን ይቅርብኝ፣ የልደት ሰርተፍኬቱን በስሜ ላውጣና ልገላገል» የሚል ሞልቷል። በነጻ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ሐሰተኛ ምዝገባ በወንጀል ያስጠይቃል። ነገ ቤተሰቡ የቪዛ ጉዳይ ቢገጥመው ደግሞ ኤምባሲው የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ እናትየው አክስት ሆና ትገኛለች! ከዚያ በኋላ «አዎ፣ የእህቴ ልጅ ነው» ቢሉ ማን ያምናል?

ትክክለኛው መንገድ ይህን ያህል አይከብድም። መጀመሪያ ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በወላጆቹ ስም ወሳኝ ኩነት ይመዝገብ። ቀጥሎ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ይጽደቅ። ውሳኔው ሲወጣ ጉዲፈቻው ራሱ ወሳኝ ኩነት ይመዘገባል። ወላጆቹን መደበቅም አያስፈልግም። ሕጉ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር አይቆርጠውም።

አባትየውን መዝለል

«ጥሏት ሄዷል፣ ምን አገባው» ይባላል። እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ግን የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃ ያዙ። ከጠፋም መጥፋቱን ለፍርድ ቤቱ በግልጽ ተናገሩ። አድራሻው እየታወቀ «አይታወቅም» ብሎ ማመልከት ግን አባትየው አንድ ቀን ብቅ ሲል የሚፈነዳ ነገር ነው።

እናት ወይም አባት ሪያድ ወይም ቤይሩት ከሆኑ ሌላ ጣጣ አለ። ጠቅላላ ውክልና ይልካሉ፣ ተወካዩ ይዞት ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ይመለሳል። ውክልናው ጉዲፈቻውን በግልጽ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ይሁን። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጥ፣ ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ይለፍ። አንዷ ማኅተም ጎደለች ማለት ወረቀቱ እንደገና ባሕር ይሻገራል ማለት ነው።

ብቻ መወሰን

ባለትዳር ከሆናችሁ ጉዲፈቻው የሁለታችሁ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሄዶ አያደርገውም። ከሁለት አንዳችሁ ቢያንስ 25 ዓመት መሙላት አለባችሁ።

ጉዳይ ገዳይ መቅጠር

«እኔ ሰው አለኝ፣ በሳምንት አስጨርስላችኋለሁ» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ክርክር ከሌለው ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። በእኔ እምነት ገንዘብ ማውጣት የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስምምነቱንና አቤቱታውን ጠበቃ ይጻፍላችሁ። ፍርድ ቤቱ የማሳደግ አቅማችሁን ስለሚያይ የገቢና የጋብቻ ማስረጃችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። እናትየው ከገጠር የምትመጣ ከሆነ ወረቀቱ ሁሉ ሳይሟላ አትጥሯት። የብዙ ሰው ብር የሚያልቀው በመመላለስ ነው።

ሞግዚትነት ለሚበቃው ጉዲፈቻ ማድረግ

እህታችሁ ለሁለት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ልትመለስ ነው? እንግዲያው ጉዲፈቻ ምን ያደርግላችኋል? ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይሠራም። ፍርድ ቤት የሚሽረው ልጁ ከባድ በደል ሲደርስበት ነው። ለጊዜው ከሆነ የሞግዚትነት ውሳኔ፣ ማለትም ልጁን በሕግ ተረክባችሁ እንድትጠብቁት የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ይበቃል።

አሜሪካ ላላችሁ

የውጭ ዜጋ ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስድ በ2010 በሕግ ተከልክሏል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሐበሻም በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይዞ ግሪን ካርድ ያለውስ? እሱም ልጁን ወዲያው መውሰድ አይችልም። የአሜሪካ ሕግ በዚህ መንገድ ልጅን ለማስመጣት ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው እንዲፈጸም፣ አሳዳጊውም ልጁን በሕግ ተረክቦ ሁለት ዓመት አብሮት እንዲኖር ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው «ፕሮሰስ ልጀምርላችሁ፣ ብር ላኩ» ካላችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ይህን የሁለት ዓመት ጉዳይ እንዴት ሊያልፈው እንዳሰበ ጠይቁት።