የአዲስ አበባንና የዋሽንግተን ዲሲን ሰዓት እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል

ቤተሰባቸው ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን ዲሲ የተከፈለባቸው ሰዎች አንደኛው ከተማ ሲነጋ ሌላው እንደሚመሽ ያውቃሉ። የሚያደናግራቸው ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ መለዋወጡና እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን ነው። ነገር ግን ይኸው የራሳችን አቆጣጠር በአግባቡ ከተያዘ ስሌቱን ያቀለዋል እንጂ አያከብደውም።

በመጀመሪያ ወቅቱን ይለዩ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ዋሽንግተን ግን በማርች ሁለተኛ እሁድ፣ ይኸውም ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ፣ ማለትም ከጥቅምት 21 እስከ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወደነበረበት ትመልሰዋለች። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አዲስ አበባ በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ ጉዳይ ላይ «በበጋ» እና «በክረምት» እየተባለ ቀጠሮ ባይያዝ እመርጣለሁ፤ ሐምሌ ለአዲስ አበባ ዝናብና ብርድ፣ ለዋሽንግተን ግን ወበቅ የሚበረታበት ወር ስለሆነ፣ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን ሊያስቡ ይችላሉ። ወሩን በስሙ መጥራት ይሻላል።

ቀጥሎ ዋሽንግተን ላይ ሰዓቱ የሚያሳየውን ቁጥር ይውሰዱና ልዩነቱ 7 በሆነበት ወቅት 1፣ 8 በሆነበት ወቅት 2 ይደምሩበት፤ ድምሩ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱለት። የሚያገኙት የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፣ ያውም በእኛው አቆጣጠር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ6 ስለሚያንስ ከ7ቱ 1፣ ከ8ቱ ደግሞ 2 ብቻ ይተርፋል። ለምሳሌ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በነሐሴ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ያንኑ ቁጥር ይቀንሳል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ቀን ይሁን ሌሊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በነሐሴ ዋሽንግተን ከሌሊቱ 11 እስከ ረፋዱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ቀን ነው፤ በታኅሣሥ ይህ ከ10 እስከ 10 ይሆናል። የዕለቱ ስምም አይዘንጋ። በነሐሴ ዋሽንግተን ቅዳሜ ከምሽቱ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ 22:15 የሚል መነሻ ከምሽቱ 4:15 ማለት መሆኑን ለተጓዡ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ቁጥሩ ብቻ የከተሞቹን ውሎ አይገልጽም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለች፤ ሰዓትን ከንጋት መቁጠርም የሚያመቸው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ላይ ግን በሰኔ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይረዝምና በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ያጥራል። በታኅሣሥ በዋሽንግተኑ ከቀኑ 5 ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው እየጨለመ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዘመዶቹ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ ለቤተሰብ ጨዋታ የቅዳሜን ጠዋት እመክራለሁ፤ የዋሽንግተኑ 9 ሰዓት በአዲስ አበባ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የሚሰበሰብበት።

በማታ ፈረቃ የሚሠራ ልጅም መልካም ሰዓት አለው። በሰኔ በዋሽንግተኑ 11 ሰዓት ሌሊት ከሥራ ወጥቶ ቢደውል አዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ በር ላይ ያገኛቸዋል። በታኅሣሥ በዚያው ሰዓት ቢደውል 1 ሰዓት ሆኗል፤ ኪዳን አድርሰው ተመልሰው ሻይ ጥደዋል።