የአማተር ሬዲዮ ትራንሲቨር እንዴት እንደሚሰራ፦ አንቴናው፣ መስማቱ፣ ከዛ ማውራቱ

ትራንሲቨር ማለት መላኪያውም መቀበያውም አንድ ላይ ያለበት ሬዲዮ ነው። አዲስ የያዘ ሰው ቶሎ እጁ የሚሄደው ማይኩ ላይ ወዳለችው ፒቲቲ፣ ማለትም ስንልክ ወደምንጫናት ቁልፍ ነው፣ ግን እሷ የመጨረሻዋ ነች፣ ከሷ በፊት ያለው ስራ በደንብ ካልተሰራ ወይ ሬዲዮው ይቃጠላል ወይ ሰው ይጎዳል ወይ ደግሞ ሰዎች ሲያወሩ መሀላቸው ዘው ትላላችሁ።

የፈቃዱን ነገር ባጭሩ ልበል፣ ለመላክ ፈተና አልፋችሁ ላይሰንስና ኮል ሳይን (የእናንተ ብቻ የሆነ የሬዲዮ መጠሪያ) መያዝ የግድ ነው፣ የምትጠቀሙትን ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) እና ዋት የሚወስነውም እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን የባንድ ሰንጠረዥ ግን ዝም ብላችሁ እንዳትከተሉ፣ አለም በ3 ሪጅን ነው የተከፈለችው፣ ለምሳሌ የ40 ሜትር ባንድ አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት ሪጅን 1 ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ሲሆን አሜሪካ ባለችበት ሪጅን 2 እስከ 7.300 ይሄዳል።

መጀመሪያ ፓወሩን እንይ። አብዛኛው 100 ዋት የሚያወጣ ኤችኤፍ (አጭር ሞገድ) ሬዲዮ የሚፈልገው 13.8 ቮልት ዲሲ ነው፣ ስትልኩ 20 አምፒር አካባቢ ይስባል፣ ስለዚ ፓወር ሰፕላዩ ከዛ ከፍ ያለ የሚችል ይሁን። ቀዩ ፖዘቲቭ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፣ ከመሰካታችሁ በፊት 2 ጊዜ እዩት። ፊውዝ ከተቃጠለ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ በትልቅ ፊውዝ ወይ በሽቦ እንዳትተኩት፣ ያኔ ፊውዙ ሳይሆን ኬብሉ ነው የሚነደው።

ከዛ አንቴናው፣ እዚ ላይ ትንሽ ቆይ ልበል ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ነው። አንቴና ሳይሰካ በፍፁም አትላኩ። የላካችሁት ሀይል መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ወደ ሬዲዮው ይመጣና የመጨረሻ ደረጃ ትራንዚስተሮቹን ሊገድላቸው ይችላል። ለጀማሪ ከዳይፖል፣ ማለትም መሀሉ ላይ ኬብል ከሚገባበት ባለ 2 ጎን የሽቦ አንቴና፣ የቀለለና የተሻለ የለም፣ 143ን በፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ ስታካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 10 ሜትር ሽቦ። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡት፣ ማሳጠር ይቻላል መቀጠል ግን ስራ ያበዛል። ስትሰቅሉት ከኤሌክትሪክ መስመር አርቁት፣ ተበጥሶ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ መስመሩን መንካት የለበትም፣ በዚህ ስህተት የሞቱ ሰዎች አሉ። የሽቦው ጫፎች ደግሞ ስትልኩ ከፍተኛ ቮልቴጅ አላቸው፣ የነካ ሰው ይቃጠላል፣ ስለዚ ሰውም እንስሳም የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ። ዝናብ ሲጠቁር ኬብሉን ነቅላችሁ ከቤት አውጡት፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግን አትንኩት፣ ያኔ ረፍዷል።

አሁን ኤስደብልዩአር መለካት። ይሄ ምን ያህል ሀይል ከአንቴናው እየተመለሰ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሬዲዮውን ወደ 5 ወይ 10 ዋት አውርዱት፣ ማንም የሌለበት ቦታ ፈልጉ፣ ኮል ሳይናችሁን ተናገሩና ኤፍኤም ወይ ኤኤም ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ላኩ፣ ሚተሩን እዩት። ከ1.5 በታች በጣም ጥሩ፣ እስከ 2 ይሄዳል፣ 3 ከደረሰ አቁሙና ችግሩን ፈልጉ። እኔ ጋ አንዴ ለወራት 1.3 የነበረው ከዝናብ በኋላ ድንገት ከ3 በላይ ዘለለ፣ ሽቦውን ብፈትሽ ምንም የለውም፣ መጨረሻ ላይ አንቴናው ጋ ያለውን ኮኔክተር ስፈታው ከውስጡ ውሀ ጠብ አለ፣ የኬብሉ መዳብ ጥልፍም አረንጓዴ ሆኖ በጣቴ ስነካው ይፈረፈራል። ከዛ ወዲህ ውጪ ያለ ኮኔክተር ሁሉ ውሀ በማያስገባ ቴፕ ሳልጠቀልል አልተውም። አንድ ነገር ደግሞ፣ ዝቅ ያለ ኤስደብልዩአር ብቻውን ጥሩ አንቴና አለ ማለት አይደለም፣ ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ለሙከራ የሚሰካ፣ ሀይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ) 1 ያሳያል ግን ምንም አያሰራጭም።

ቀጥሎ መስማት ነው፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን ዝም ብላችሁ ስሙ። በኤስኤስቢ (ከሲግናሉ አንዱን ጎን፣ ማለትም አንዱን ሳይድባንድ ብቻ በሚልከው የንግግር ዘዴ) ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ኤልኤስቢ (የታችኛው ሳይድባንድ)፣ ከዛ በላይ ዩኤስቢ (የላይኛው) ነው የሚለመደው፣ ድምፁ የዳክዬ ከመሰለ ወይ ሳይድባንዱ ተሳስቷል ወይ ማዞሪያውን ቀስ አድርጎ ማስተካከል ነው። ጫጫታው ከበዛ የአርኤፍ ጌይኑን (መቀበያው ምን ያህል ደካማ ሲግናል እንደሚይዝ የሚያስተካክለውን) ትንሽ ቀንሱት። ቀን ላይ ዲ የሚባለው የአየር ንብርብር ዝቅ ያሉትን ባንዶች ይውጣቸዋል፣ ስለዚ 40 ሜትር ቀን በመቶዎች ኪሎሜትር ሲሰራ ማታ ሺዎች ይደርሳል፣ 20 ሜትር ደግሞ በአብዛኛው የቀን ባንድ ነው። ባንዱ ወዴት እንደተከፈተ ለማወቅ 14.100 ላይ ቁሙ፣ በተለያየ አለም ያሉ 18 ቢከኖች (ራሳቸው ምልክት የሚልኩ ጣቢያዎች) በየ10 ሰከንዱ እየተፈራረቁ በ3 ደቂቃ ይዞራሉ፣ እያንዳንዱ ኮል ሳይኑን በሞርስ ልኮ 4 ረዣዥም ድምፅ ይከተላል፣ በ100፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት። የመጨረሻዋን ስትሰሙ ከ0.1 ዋት ስንት ርቀት እንደሚኬድ ይገባችኋል። እዛ ላይ ግን መላክ የለም!

አሁን ፒቲቲ። ባዶ የመሰለ ፍሪኩዌንሲ ባዶ ላይሆን ይችላል፣ የምትሰሙት አንዱን ወገን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆዩና ድገሙ። መልስ ከሌለ "ሲኪው ሲኪው" (ማንም የሚሰማኝ ይመልስልኝ ማለት ነው) ብላችሁ ኮል ሳይናችሁን በአልፋ ብራቮ ቻርሊ ፊደል ጥሩ፣ ልቀቁና ስሙ። ማይኩን ከአፋችሁ 5 ሴንቲ ያህል አርቁት፣ የኤኤልሲ (ሬዲዮው የሚላከው ሀይል ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠርበት) ቀስት ከክልሏ እስክትወጣ ማይክ ጌይን መጨመር ሀይል አይጨምርም፣ ድምፁን ያበላሽና ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ይረብሻል። ሪፖርት (የሌላው ድምፅ ምን ያህል ግልፅና ጠንካራ እንደሚሰማ የሚገልፅ ቁጥር) ስትሰጡ የሰማችሁትን ስጡ፣ ሁሉን ሰው 59፣ ማለትም በጣም ግልፅና ጠንካራ ማለት ለማንም አይጠቅምም። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ከሰማችሁ ደግሞ ወሬውን አቁሙ፣ ፃፉ፣ የሚረዳ ሌላ ከሌለ መልሱ።

በእጅ በሚያዘው ሬዲዮ ሪፒተር (የሰማውን ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚደግም ጣቢያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ኦፍሴቱን (በመላኪያና በመቀበያ ፍሪኩዌንሲ መሀል ያለውን ልዩነት) እና ቶኑን (ሪፒተሩን የሚከፍተውን ዝቅተኛ ድምፅ) አስገቡ፣ 2 ሜትር ላይ ኦፍሴቱ በአብዛኛው 600 ኪሎኸርዝ ነው፣ ፒቲቲውን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ቆይታችሁ ተናገሩ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ አንቴናውን ከአይናችሁና ከፊታችሁ አርቁት። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላክበት ዘዴ) ለሚሰሩ ደግሞ፣ እዛ ላይ ሬዲዮው ከ15 ሰከንዱ ወደ 13 ሰከንድ ያለ እረፍት ነው የሚልከው፣ ስለዚ 100 ዋቱን ወደ 30 ወይ 40 አውርዱት፣ የኮምፒውተሩ ሰአትም ትክክል ይሁን።

ስትጨርሱ ቀኑን፣ ሰአቱን በዩቲሲ (በአለም አቀፉ ሰአት)፣ ፍሪኩዌንሲውንና ሪፖርቱን መዝግቡ፣ ሬዲዮውን ቀድማችሁ አጥፉ፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን፣ ከዛ የአንቴናውን ኬብል ንቀሉ።